ክትክታን ከነመኖሪያው ለይቶ ማወቅ፦ ለጅማና ለአካባቢዋ የተዘጋጀ መመሪያ

«ይህ ክትክታ ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ጥያቄ ከፎቶግራፍ ጋር ደጋግሞ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ ለችግኝ ጣቢያ ዘር የሚፈልጉ፣ የዕፅዋት ናሙና እንዲያመጡ የታዘዙ ተማሪዎች፣ የተራቆተ ተዳፋታቸውን በአገር በቀል ቁጥቋጦ መሸፈን የሚሹ ገበሬዎች ናቸው። ፎቶግራፉ አብዛኛውን ጊዜ መዳፍ ላይ የተቀመጠ አንድ ቅጠል ያሳያል። በአንድ ቅጠል ብቻ ክትክታን ከወይራም ከጌሾም መለየት ስለሚያስቸግር፣ መልሴን እዚህ አንድ ላይ አስቀምጫለሁ።

ሌላም ተደጋጋሚ ጥያቄ አለ፦ «የውጭ መጻሕፍት የባሕር ዳርቻ ቁጥቋጦ ነው ይላሉ፤ ጅማ ባሕር የላትም፤ ታዲያ ሌላ ተክል ይሆን?» ሌላ አይደለም። በሳይንሳዊ ስሙ ዶዶኒያ ቪስኮሳ የሚባለው ይህ ተክል በሞቃታማው የዓለም ክፍል ሁሉ የተሰራጨ ሲሆን ሰፊ ቅጠል ያለው ዝርያው በባሕር ዳርቻ አሸዋና ነፋስ በሚመታው ቋጥኝ ላይ ይበቅላል። የእኛው ጠባብ ቅጠል ያለው፣ አንጉስቲፎሊያ የሚባለው የመሀል አገር ዝርያ ነው። አንዳንድ መጽሐፍ ራሱን ችሎ «ዶዶኒያ አንጉስቲፎሊያ» እያለ ይመዘግበዋልና ሁለቱን ስሞች ስታዩ አትደናገጡ። የአሸዋው ዳርቻና የእኛ ድንጋያማ ተዳፋት የሚጋሩት ነገር ቀላል ነው፦ ብዙ ፀሐይ፣ ውኃ የማይቋጥር መሬት፣ ለምነቱ ያነሰ አፈር። ፍለጋችንም ከቅጠሉ ሳይሆን ከዚሁ ይጀምራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አሥር ጊዜ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር (ከሌለ የስልክ ካሜራ ይበቃል)
- የሴንቲ ሜትር ማስመሪያ
- የአትክልት መቀስ ወይም የተሳለ ቢላ
- ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ፤ እስክሪብቶ በዝናብ ይጠፋል
- የቆዩ ጋዜጦች፣ ሁለት ጠፍጣፋ ጣውላዎች ወይም ወፍራም ካርቶኖች፣ ማሰሪያ ገመድ
- ቦታንና ከፍታን የሚያሳይ ስልክ
- ትንሽ ውኃና ንጹሕ ጨርቅ
- የወረቀት ከረጢት፤ ላስቲክ እርጥበት ስለሚያምቅ ናሙናውን ያሻግተዋል

ከመነሳታችሁ በፊት

ቅጠልም ፍሬም አትቅመሱ። ክትክታ በሚበቅልበት ደረቅ ተዳፋት ላይ ምረንዝ የሚባለው፣ በአፋን ኦሮሞ ቀራሩ የሚሉት ዛፍ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ለቀስት መርዝ ሲያገለግል የኖረ ተክል ነው፤ በምላስ ልፈትነው የሚያሰኝ አይደለም። በጣታችሁ ብዙ ቅጠል ከነካካችሁ ምግብ ከመብላታችሁ በፊት ታጠቡ።

እሳት አታንድዱ፣ ሲጋራም አትጣሉ። ክትክታ ቅጠሉ በሙጫ የተቀባ በመሆኑ እርጥብ እንኳ ሆኖ ይቀጣጠላል፤ በበጋ አንድ ተዳፋት ሙሉ ሊያያዝ ይችላል።

ቦታው የማን እንደሆነ ጠይቁ። የግጦሽ መሬት ቢሆንም ፈቃድ ያስፈልጋል። ስትጠይቁም በአፋን ኦሮሞ «ኢተቻ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከማንም መጽሐፍ በተሻለ ይመራችኋል። ወደ ጊቤ ሸለቆና ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ ዳርቻ የምትወርዱ ከሆነ ቦታው ወባ ያለበት መሆኑን አስባችሁ ውጡ፤ ሲመሽ ውኃ ዳር አትቆዩ።

ደረጃ 1፦ መሬቱን ለዩ

ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት። ሰሳና ዋንዛ ያጠሉት ቡና፣ ረግረግ የበዛበት ሜዳ፣ ጥቅጥቅ ያለ የተፈጥሮ ደን፤ ይህ ሁሉ ለክትክታ የማይመች ነው። ክትክታ ጥላን አይወድም። ብዙ ሰው «በለጠ» በሚባለው ደን ውስጥ ገብቶ ሲፈልግ ውሎ ባዶ እጁን የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። በቦዬ ረግረግ ዙሪያ መፈለግም ያው ነው፤ ሥሩ ውኃ የተኛበትን አፈር አይችልም።

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ሰርቦንና አሰንዳቦን አልፋችሁ ወደ ሶኮሩ ስትሄዱ መልክዓ ምድሩ ቀስ በቀስ ይደርቃል። ዓይናችሁን የምትከፍቱት እዚያ ነው። የሚከተሉትን ፈልጉ፦

- ድንጋይ የበዛበት፣ አፈሩ የሳሳ ተዳፋት
- መንገድ ሲሠራ የተቆረጠ ገደል ጠርዝ
- ታርሶ የተተወ፣ ጎርፍ የቦረቦረው መሬት
- ከብት እየተሰማራበት ሣሩ ያለቀ ኮረብታ

የመጨረሻው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ክትክታ መራራና ሙጫማ ስለሆነ ከብት ብዙም አይደፍረውም። ሌላው ሲበላ እርሱ ይቀራል፣ ይሰፋልም። ስለዚህ ግጦሽ የበዛበት ኮረብታ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የቀረ ቁጥቋጦ ስታዩ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ክትክታን ነው። አጋም፣ ደደሆና ወይራ በአቅራቢያው ካሉ ጥርጣሬያችሁ ይጠናከራል። በተቃራኒው ዙሪያው ሁሉ ግራዋና ኮባ ከሆነ ቦታው ለክትክታ እርጥበቱ በዝቷል ማለት ነው።

ከፍታውን በስልካችሁ መዝግቡ። በአገራችን ተክሉ ከቆላ እስከ ደጋ ጠርዝ ቢገኝም በወይና ደጋ ይበዛል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ያገኛችሁት ከመሰላችሁ ግን ደግማችሁ ብትመረምሩ ይሻላል፤ እዚያ ከፍታ ላይ ጠባብ ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ አስታ ሊሆን ይችላል።

ለጉዞው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ሣሩ ሲደርቅ ክትክታ ቅጠሉን ስለማያራግፍ ከሩቅ ጎልቶ ይታያል። በክረምት ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ ጭቃውም አያስኬድም።

ደረጃ 2፦ ከሩቅ ቁመናውን ተመልከቱ

ክትክታ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አምስት ሜትር የሚደርስ፣ ከሥሩ ጀምሮ ብዙ ግንድ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ነው። ካልተቆረጠ ትንሽ ዛፍ ይሆናል። ቅጠሎቹ ወደ ላይ ያቀኑ ናቸው፤ ፀሐይ ስትመታቸው ቫርኒሽ የተቀባ ያህል ያብለጨልጫሉ። እሾህ የለውም። የአሮጌው ግንድ ልጥ ጥቁር ግራጫ ሆኖ በቀጫጭን ሰቅ ይላጣል።

ይህን ደረጃ መዝለል የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ቁመናው ናሙናው ከተቆረጠ በኋላ የማይገኝ መረጃ ነው፤ ጋዜጣ ውስጥ የተጫነ ቀንበጥ ግንዱ አንድ ይሁን አሥር አይናገርም። አሁኑኑ ጻፉት።

ደረጃ 3፦ የቅጠሎቹን አደራደር እዩ

አንድ ቀንበጥ ያዙና ቅጠሎቹ የሚወጡበትን ነጥብ ተከተሉ። በክትክታ ላይ ቅጠሎቹ ተፈራርቀው፣ አንዱ በዚህ ቀጣዩ ከፍ ብሎ በዚያ ይወጣሉ። ፊት ለፊት ተጣምረው ሁለት ሁለት ሆነው ከወጡ ክትክታ አይደለም፤ እዚህ ላይ ማቆም ትችላላችሁ። ይህ አንድ ምልክት ወይራን፣ አጋምንና ምረንዝን በአንድ ጊዜ ያስወግዳል። ከሁሉ በላይ የምወደው ፈተና ይህ ነው፤ መሣሪያም አይፈልግም።

ከዚያ ቅጠሉን ለኩ። ርዝመቱ ከ5 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ወደ ሥሩ እየጠበበ ስለሚሄድ የቅጠሉ አገዳ የት እንደሚጀምር መለየት ያስቸግራል። ጠርዙ ለስላሳ ነው፣ ጥርስ የለውም። ቢያንስ አምስት ቅጠል ከተለያየ ቅርንጫፍ ለኩ፤ ጥላ ውስጥ ያደገው ከፀሐይ ፊት ካለው ሊሰፋ ይችላልና።

ደረጃ 4፦ ሙጫውን ፈትኑ

ከቀንበጡ ጫፍ ያለውን ለጋ ቅጠል በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ጫን ብላችሁ ያዙና ልቀቁ። ጣታችሁ ትንሽ ተጣብቆ ይላቀቃል። አሮጌው ቅጠል ላይ ሙጫው ደርቆ ስስ ሽፋን ስለሚሆን አያጣብቅም፣ ያብረቀርቃል እንጂ። «አላጣበቀም» ብለው የሚጽፉልኝ ሰዎች በአብዛኛው የፈተኑት አሮጌውን ነው። የመንገድ ዳር ቁጥቋጦ ከሆነ ደግሞ አቧራ ሙጫውን ይሸፍነዋል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ድገሙት።

ይህ ፈተና ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቅጠላቸው የሚያጣብቅ ሌሎች ዕፅዋትም አሉ። ከአደራደሩና ከፍሬው ጋር ሲደመር ነው ዋጋ የሚኖረው።

ደረጃ 5፦ ቀንበጡን ቁረጡ

የእርሳስ ውፍረት ያህል የሆነ ቀንበጥ በመቀስ ቁረጡና የተቆረጠውን አፍ ለአንድ ደቂቃ ተመልከቱ። ነጭ፣ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ከወጣ ክትክታ አይደለም። እጃችሁን ከዓይናችሁ አርቁና ታጠቡ፤ ምረንዝም አጋምም እንዲህ ያለ ፈሳሽ ያወጣሉ። የክትክታ ለጋ ቀንበጥ ክብ ሳይሆን ሸንተረር ያለበት ነው፤ በጣታችሁ መካከል ስታሽከረክሩት ጠርዞቹ ይሰማሉ።

ደረጃ 6፦ ፍሬውን ፈልጉ

ጥርጣሬን የሚዘጋው ፍሬው ነው። ሌላው ምልክት ሁሉ ከአንዱ ወይም ከሌላው ተክል ጋር ሊያምታታ ይችላል፤ ይህ ግን ከጅማ ዙሪያ ቁጥቋጦዎች ጋር አይምታታም ማለት ይቻላል።

የክትክታ ፍሬ ሥጋ የለውም፣ አይበላም። ወረቀት የመሰሉ ስስ ክንፎች ያሉት ደረቅ ቅርፊት ነው። ክንፎቹ ብዙውን ጊዜ ሦስት ናቸው፤ ሁለት ወይም አራት ያላቸውም በዚያው ዘለላ ላይ ይገኛሉ። ስፋቱ ክንፎቹን ጨምሮ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሲጀምር አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ሐምራዊ ወይም ቀይ የሚያደላ፣ ሲደርቅ የገለባ ቀለም ያለው ይሆናል። ነፋስ ሲነካው ይንኮሻኮሻል።

አንድ ደረቅ ፍሬ ወስዳችሁ ወደ ብርሃን አንሡት። በክንፎቹ ላይ የተዘረጉት ደም ሥሮች እንደ መረብ ይታያሉ። ከዚያ በጥፍራችሁ በሁለት ክንፎች መካከል ሰንጥቁት። ውስጡ በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው፤ በየክፍሉ አንድ ወይም ሁለት ዘር ይገኛል። ዘሩ ጥቁር፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ በጥፍር ሲጫኑት የማይሰበር ጠንካራ ነው። ባዶ ክፍል ብታገኙ አትደነቁ፤ ሁሉም ዘር አይሞላም።

ፍሬ ከቅርንጫፉ ላይ ካጣችሁ ከሥሩ መሬቱን ፈልጉ፤ የደረቁ ክንፎች በድንጋይ መካከል ተሸጉጠው ይቆያሉ። ከዚያም ከጠፋ ጎረቤት ቁጥቋጦዎችን እዩ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ክትክታ በአብዛኛው ወንዴና ሴቴ ቁጥቋጦው የተለያየ ነው። ወንዴው ፍሬ አይሰጥም። ስለዚህ «ፍሬ የለውም፣ ክትክታ አይደለም» ማለት ትክክል አይደለም።

ደረጃ 7፦ አበባው ካለ

አበባው ትንሽና አረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው፤ በቀንበጥ ጫፍ በአጫጭር ዘለላ ይወጣል። ሌሎች አበቦች ላይ የምናየው ባለ ቀለም የአበባ ቅጠል የለውም፤ የአበባ ዱቄቱን በዋናነት የሚያጓጉዘው ነፋስ ስለሆነ ንብ መጥሪያ ጌጥ አያስፈልገውም። በአጉሊ መነጽር ስታዩት ወፈር ያሉ የዱቄት ከረጢቶች ከተደረደሩበት ወንዴ ነው፤ ከመሀል አንድ ቀጭን ዘንግ ወጥቶ ከታየ ሴቴ ነው። የትኛው እንደሆነ ጻፉ።

ደረጃ 8፦ ፎቶግራፍ አንሡ

አራት ፎቶግራፍ ይበቃል፦ ቁጥቋጦው ከነቆመበት ተዳፋት፤ የቅጠሎቹ አደራደር ያለበት ቀንበጥ፤ የቅጠሉ ፊትና ጀርባ ከማስመሪያ ጋር፤ ፍሬው ወይም አበባው። መዳፍ ላይ የተቀመጠውን አንድ ቅጠል ግን እለምናችኋለሁ፣ ተዉት።

ደረጃ 9፦ ናሙና መያዝ

ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ቅጠልና ፍሬ ያለበት ቅርንጫፍ ቁረጡ። ከአንድ ቁጥቋጦ ከአንድ ቅርንጫፍ በላይ አትውሰዱ። ቢያንስ አንድ ቅጠል ጀርባው ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋችሁ በጋዜጣ መካከል ዘርጉት፣ ጣውላ ጫኑበትና እሰሩት።

ሙጫው ጋዜጣው ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ማታ ጋዜጣውን ቀይሩ፤ ከዚያም እስኪደርቅ በየቀኑ። በጅማ አየር እርጥበት ምክንያት ይህን የተወ ሰው ሻጋታ የወረረው ናሙና ነው የሚያገኘው። ከተላቀቁት ፍሬዎች ጥቂቱን በወረቀት ከረጢት ለብቻ አድርጉ።

መለያውን እዚያው ሜዳ ላይ ጻፉ። እንዲህ ያለ ይበቃል፦

*ክትክታ (ኢተቻ)። ጅማ ዞን፣ በአሰንዳቦና በሶኮሩ መካከል፣ ከአስፋልቱ በስተ ቀኝ። ከፍታ፦ ___ ሜትር። ድንጋያማ ተዳፋት፣ ሙሉ ፀሐይ፣ ግጦሽ የበዛበት። ባለ ብዙ ግንድ ቁጥቋጦ፣ 2.5 ሜትር። ፍሬው ቀይ፣ ባለ ሦስት ክንፍ። ቀን፦ ___። የሰብሳቢው ስም፦ ___።*

መለያ የሌለው ናሙና የደረቀ ቅጠል ብቻ ነው። መለያው የተሟላ ከሆነ ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ካለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ናሙናዎች ጋር ለማመሳከር ይበቃል።

ከምን ጋር ይምታታል?

*ወይራ።* ከሩቅ የሚያሳስተው ጠባብ ቅጠሉ ነው። ቅጠሎቹ ግን ፊት ለፊት የተጣመሩ ናቸው፤ ጀርባቸውም ወደ ብርማ ወይም ወደ ወርቃማ ቡኒ ያደላል። የክትክታ ቅጠል ሁለቱም ፊት አረንጓዴ ነው።

*ጌሾ።* ይህም ያብረቀርቃል፤ ቅጠሉም ተፈራርቆ ይወጣል። ጠርዙን በአጉሊ መነጽር እዩ፦ ጌሾ ጥቃቅን ጥርስ አለው፣ ክትክታ የለውም። የጌሾ ፍሬ ክብና ሥጋ ያለው ነው።

*ደደሆ።* በዚያው ተዳፋት አብሮት ስለሚበቅል ያስቸግራል። ቅጠሉ ወፍራምና ቆዳ መሰል፣ ጠርዙ ሞገድ ያለው ነው። ፍሬው ትንሽ ክብ ነው፣ ክንፍ የለውም።

*አባሎ።* ወደ ጊቤ ሸለቆ ስትወርዱ ባለ አራት ክንፍ ፍሬ ያለው ዛፍ ታገኛላችሁ። ክንፉን ብቻ አይቶ ክትክታ ነው ያለ ብዙ ነው። ቅጠሉን ተመልከቱ፦ የአባሎ ሰፊና ጸጉራም ነው።

*በግቢ የሚተከለው ቀይ የብሩሽ አበባ።* አበባ በሌለው ጊዜ ጠባብ ቅጠሉ ያሳስታል። ቅጠሉን ብታሹት ሽታው ኃይለኛ ነው፤ ፍሬዎቹም እንጨት መሰል ሆነው ቅርንጫፉ ላይ እንደ ዶቃ ተደርድረው ይቀራሉ።

የተለመዱ ስህተቶች

በከተማ አጥር የተተከለ ክትክታ አግኝቶ «መኖሪያው ይህ ነው» ብሎ መመዝገብ። ክትክታ ለአጥር ይተከላል፤ ሰው ያስቀመጠው ቦታ ተክሉ ራሱ የመረጠውን አያሳይም። በመለያው ላይ «የተተከለ» ብላችሁ ጻፉ።

ከኢንተርኔት ፎቶግራፍ ጋር ብቻ ማነጻጸር። ሰፊ ቅጠል ያለው የባሕር ዳርቻው ዝርያ ነው፤ ወይን ጠጅ ቅጠል ያለው ደግሞ ለአትክልት ቦታ ውበት የተመረጠ ነው። በሶኮሩ ተዳፋት ሁለቱንም አትጠብቁ።

ክትክታ መሆኑን ስላረጋገጡ ብቻ ለቁስል ወይም ለሌላ ሕመም መጠቀም። ተክሉን መለየትና ለመድኃኒት የሚሆነውን መጠን ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ይህ መመሪያ የሚያገለግለው ለመጀመሪያው ብቻ ነው።

አረንጓዴ ፍሬ ለዘር መልቀም። ዘር የምትፈልጉ ከሆነ ፍሬው የገለባ ቀለም እስኪይዝ ጠብቁ፤ በእጃችሁ አሽታችሁ ክንፉን በሰፌድ አንፍሱ። የዘሩ ቅርፊት ውኃ አያስገባም፤ እንዲሁ ከተዘራ ብዙው ሳይበቅል ይቀራል። የፈላ ውኃ ከእሳት አውርዳችሁ ዘሩ ላይ አፍስሱ፣ በዚያው ውኃ እስኪቀዘቅዝ ተዉትና ሌሊቱን ይደር። ጠዋት የተንሳፈፈውን አስወግዱ፤ የሰመጠውን ዝሩ።